የጎተራ እግርን ከአይጥ ለመከላከል አሉሚኒየምን በአናጢ መሣሪያ ስለ መቁረጥ

አይጥ ወደ ጎተራ የምትወጣው አብዛኛውን ጊዜ በእግሩ ላይ ተንጠላጥላ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ እግር የላሜራ ባርኔጣ ማልበስ ይገባል። ለዚህ ሥራ አሉሚኒየም ይመቻል፤ አይዝግም፤ ለስላሳም ስለ ሆነ በእንጨት መጋዝ ይቆረጣል።

አስቀድማችሁ ግን ላሜራው በእርግጥ አሉሚኒየም መሆኑን እወቁ። ማግኔት ከሳበው ብረት ነውና የእንጨት መጋዝ አታስነኩት፤ ጥርሱ ወዲያው ይዶለዱማል። አናጢ መጋዙን ሰው ላሜራ ላይ ሲያሳርፍበት የሚቆጣው ያለ ምክንያት አይደለም።

ውፍረቱ 15 ሳንቲሜትር ለሆነ ክብ እግር፥ በየጎኑ 65 ሳንቲሜትር የሆነ ላሜራ ያስፈልጋል። መካከሉ ሲበሳ በየአቅጣጫው ቢያንስ 25 ሳንቲሜትር ይተርፋል።

ቀጭን ላሜራ ብቻውን ሲጋዝ ይንቀጠቀጣል፤ ይጣመማል። ስለዚህ በሁለት ጣውላ መካከል አጥብቃችሁ እሰሩትና ጣውላውንና ላሜራውን አብራችሁ ጋዙ። ጥርሱ ደቃቅ የሆነውን መጋዝ ምረጡ፤ ሻማ ወይም ደረቅ ሳሙና ቀቡት፤ ሳትቸኩሉ ሳቡ። ውፍረቱ ከ1 ሚሊሜትር በታች ከሆነ መጋዝም አያስፈልግም፤ ቀጥ ያለ እንጨት አስደግፋችሁ በቢላዋ ጫፍ ደጋግማችሁ ጫሩት፤ ከዚያ ወዲያና ወዲህ ብታጥፉት በጭረቱ ላይ ይሰበራል። የመካከሉን ቀዳዳ ለመክፈት ላሜራውን በግንድ ላይ አንጥፉ፤ በክቡ መስመር ላይ በሚስማር አቀራርባችሁ ብሱና በአሮጌ መሮ አገናኙት።

የተቆረጠ ጠርዝ እንደ ምላጭ ነው። በሞረድ ሞርዱት፤ ሞረዱን ግን አስቀድማችሁ በጠመኔ እሹት፤ አለዚያ አሉሚኒየሙ በጥርሱ መካከል ይሞላና መሞረዱን ትቶ ይቧጭራል። ረጅሙን ጠርዝ በጣውላ መካከል አስራችሁ በመላጊያ ማስተካከል ይቻላል፤ ምላጩ ግን በጣም ጥቂት ብቻ ይውጣ። መጨረሻ ላይ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጉት። ዓይናችሁን በመነጽር ጠብቁ። ፍርፋሪውን ከብት ከመኖ ጋር እንዳይውጠው ለቅማችሁ ቅበሩ።

ላሜራውን ለማጽዳት አመድ አትጠቀሙ፤ የረጠበ አመድ አሉሚኒየምን ይበላዋል። በመዳብ ሽቦም አትሰሩት፤ ሁለቱ በእርጥበት ሲነካኩ አሉሚኒየሙ ያልቃል።

ባርኔጣው ከመሬት 1 ሜትር ያህል ከፍ ይበል። ጎተራው አስቀድሞ የቆመ ከሆነ ከዳር እስከ ቀዳዳው አንድ መስመር ቆርጣችሁ አልብሱት፤ ጫፎቹንም ደራርባችሁ ወደ ታች እንዲያዘነብል አድርጉ። ሲደረብ ቀዳዳው ስለሚጠብ መጀመሪያ ጥቂት ሰፋ አድርጋችሁ ክፈቱት። ከሥሩ ትናንሽ እንጨት በእግሩ ላይ መትታችሁ አስደግፉት። በእግሩና በላሜራው መካከል እርሳስ የሚያስገባ ክፍተት ከቀረ ትንሽ አይጥ ታልፍበታለች፤ በተረፈው የላሜራ ቁራጭ ድፈኑት።

የልማት ሠራተኞች ሥራውን ስትመለከቱ የጎተራውን ዙሪያም እዩ፤ ከ1 ሜትር ባነሰ ርቀት ዛፍ፥ አጥር ወይም የተደገፈ መሰላል ካለ አይጧ በዚያ ዘልላ ትገባለች።