ዶሮዋ ምን ሆና ነው እንዲህ የምትጮኸው?

ባለፈው ዓመት ወልድያ ውስጥ በማስተምርበት ክፍል፣ ከመርሳ በኩል የመጣች አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «መምህር፣ ዶሯችን ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እንደ ድመት ትጮኻለች። እናቴ ‹ገዷ አላማረኝም› ብላ ገበያ ልታወጣት ነው። ምን ሆና ነው?» አለችኝ። ልጆቹ ሳቁ። እኔ ጥያቄዋን ወደድኩት፤ ግን ከመመለሴ በፊት እኔም መጠየቅ ነበረብኝ። አፏን ከፍታ ነው ወይስ ዘግታ? አንገቷን ትዘረጋለች? ድምፁ የሚሰማው ስትጮህ ብቻ ነው ወይስ አየር በሳበች ቁጥር?

ዶሮ ያላችሁ ሁሉ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ብትይዙ ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ ያዙልኝ።

ድምፅ ነው ወይስ ትንፋሽ?

እኛ ድምፅ የምናወጣው ጉሮሯችን ላይ፣ ማንቁርታችን ውስጥ ነው። የዶሮ ግን ታች ነው፤ የአየር ቧንቧዋ ደረቷ ውስጥ ወርዶ ወደ ሁለቱ ሳንባዎች በሚከፈልበት መንታ መንገድ ላይ። እዚያ ያሉት ስስ ሽፋኖች ከሳንባ በሚወጣው አየር ሲርገበገቡ ድምፅ ይፈጠራል። ለበዓል በታረደች ዶሮ ላይ አንገቷ ከተቆረጠ በኋላ ከደረቷ ድምፅ ሲወጣ ሰምታችሁ ደንግጣችሁ ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው። ድምፅ ማውጫዋ ያለው ከአንገቷ በታች ነው።

እንግዲህ ዶሮ አስባም ሆነ ደንግጣ የምታሰማው ድምፅ መጀመሪያና መጨረሻ አለው፤ ጥሬ ሲበተንላት ወይም ያስፈራት ነገር ሲሄድ ይቀየራል። ከታመመ ሳንባና ከተዘጋ አፍንጫ የሚወጣው ግን እንዲህ አይደለም። ከትንፋሿ ጋር እየሄደ ይደጋገማል፤ ጥሬ ስትለቅምም ይሰማል። ጥሩ ፈተና የሚሆነው ሌሊቱ ነው። ዶሮዎቹ ቆጥ ላይ ወጥተው ከተኙ በኋላ መብራት ሳታበሩ ቀስ ብላችሁ ቁሙና አዳምጡ። ጤነኛ ዶሮ ስትተኛ ትንፋሿ አይሰማም።

ለዚህ የተለየ ጆሮ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ የአውስትራሊያው ኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት 194 ሰዎችን የተቀዳ የዶሮ ድምፅ አሰምቶ፣ ዶሮዋ ደስ ብሏት ይሁን ተከፍታ እንዲለዩ ጠይቋቸው ነበር። 69 በመቶ ያህሉ በትክክል ለዩ። ዶሮ አርብተው የማያውቁ ሰዎችም ጭምር።

ከሰማይና ከመሬት

መርሳ ባለችበት በሀብሩ ወረዳ ቆላም ሆነ በወልድያ ዙሪያ ደጋ ላይ የምትውል ዶሮ ጠላቷ ብዙ ነው። ከላይ ጭልፊት፣ ከታች ሸለምጥማጥ፣ የዱር ድመት፣ እባብ። አውራ ዶሮ ለሁለቱ ወገን የሚያሰማው ማስጠንቀቂያ አንድ አይደለም። ጭልፊት ሲያይ ራሱን ወደ ጎን ያዘነብልና በአንድ ዓይኑ ወደ ሰማይ እያየ ቀጭን፣ ሳብ ያለ ድምፅ ያወጣል። ድምፁ ከየት እንደመጣ መለየት ያስቸግራል፤ ጭልፊቱንም እንዲሁ ያስቸግረዋል። መሬት ለመሬት የሚመጣ አውሬ ሲያይ ግን ቀጥ ብሎ ይቆምና «ቃ ቃ ቃ ቃ ቃ» እያለ የተቆራረጠ፣ የማያባራ ጩኸት ያሰማል። «አይቼሃለሁ» እንደማለት ነው።

ይህ ዝም ብሎ የፍርሃት ጩኸት ነው የሚሉ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1993 ክሪስቶፈር ኢቫንስ፣ ሊንዳ ኢቫንስና ፒተር ማርለር ባሳተሙት ጥናት ለሴት ዶሮዎች አውሬውን ሳያሳዩ የተቀዳውን ድምፅ ብቻ አሰሟቸው። የጭልፊቱን ማስጠንቀቂያ የሰሙት ወደ መጠለያ ሮጡ፣ ዝቅ አሉ፣ ወደ ላይ አዩ። የመሬቱን የሰሙት ደግሞ አንገታቸውን ቀጥ አድርገው ዙሪያቸውን ቃኙ። ድምፁ ብቻውን አደጋው ከየት እንደሆነ ነግሯቸዋል ማለት ነው። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ በሌሎች ጥናቶች የታየው ነው። አውራ ዶሮ አጠገቡ ሌላ ዶሮ ሲኖር ማስጠንቀቂያውን አዘውትሮ ያሰማል፤ ብቻውን ሲሆን ግን ጭልፊቱን እያየም ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። የሚጮኸው ለሚሰማው ነው።

ስለዚህ ያ ቀጭን ድምፅ ሲሰማ በሩ ላይ ቆማችሁ ግቢውን አትቃኙ፤ መጀመሪያ ወደ ላይ እዩ። ጫጩት ያላት እናት ካለችም ቶሎ «እሽ!» እያላችሁ ውጡ።

እንቁላል ጥላ ስታስካካ

ይህን የማያውቅ የለም። ግን ለምን? ገና የዱር ወፍ ሳለች ዶሮ እንቁላል ልትጥል ከመንጋው ተለይታ ትሄድ ነበር፤ ስትጨርስ ጮኻ አውራው መልሶ ወደ መንጋው እንዲወስዳት ትጠራዋለች ብለው ብዙ አጥኚዎች ይገምታሉ። አውራ ዶሮው ሲመልስላትና ሲቀበላት ያየ ሰው ግምቱ አይከብደውም። ለእኛ ጥቅሙ ሌላ ነው። የአገራችን ዶሮ በዓመት የምትጥለው ከ30 እስከ 60 እንቁላል ገደማ ነው፤ እያንዳንዱ ዋጋ አለው። ከግቢ ወጥታ ቁጥቋጦ ሥር የምትጥለውን ዶሮ ጎጆዋን የምታጋልጠው ይህችው ማስካካቷ ናት። እንቁላል ሳትጥል የምታስካካም አለች፤ ሌላ ዶሮ ጎጆዋን ይዛባት ወይም ደንግጣ ይሆናል።

ስትታቀፍና ከእንቁላሉ ውስጥ

የታቀፈች ዶሮ እጅ ሲጠጋት ላባዋን ነፍታ ከሆዷ የሚወጣ የሚመስል ወፍራም ቁጣ ታሰማለች። ልጆች ይፈሩታል። በሽታ አይደለም፤ ተዉዋት። ከጎጆዋ ወርዳ ውሃና ጥሬ ስትፈልግ ደግሞ አጭር «ኩክ፣ ኩክ» እያለች ትሄዳለች፤ ጫጩቶቿን የምትመራበትም ያው ድምፅ ነው።

21 ቀን የምትታቀፈው እንቁላል ውስጥ ያለው ጫጩት ቅርፊቱን ሳይሰብር አንድ ቀን ያህል ቀድሞ በእንቁላሉ ሰፊ ጫፍ ያለውን አየር መተንፈስ ይጀምራል። ከዚያ ጀምሮ ይጮኻል፤ እናቱም ትመልስለታለች። በ20ኛው ቀን ግድም እንቁላሉን ወደ ጆሯችሁ አስጠግታችሁ ብታዳምጡ ትሰሙታላችሁ። ብቻ እናቲቱን ሳታስቆጡ፣ ቶሎም መልሱት።

ሴት ዶሮ እንደ አውራ ስትጮህ

በብዙ ቤት ይህ ሲሰማ ቢላዋ ይፈለጋል፤ ሞት ትጠራለች ይባላል። አያቴም እንዲህ ትል ነበር፣ አክብሮቴም ከእሷ ጋር ነው። ምክንያቱ ግን ዶሮዋ ሆድ ውስጥ ነው። የሴት ዶሮ እንቁላል ማፍሪያ የሚሠራው የግራው ብቻ ነው፤ የቀኙ ሳያድግ ይቀራል። በበሽታ፣ በዕጢ ወይም በእርጅና የግራው ሲበላሽ የሴትነት ሆርሞኗ ይቀንስና ያ የቀኙ አድጎ የወንድ ፍሬ ወደመምሰል ሊሄድ ይችላል። ያኔ አናቷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ይተልቃል፣ እግሯ ላይ የአውራ ዶሮ ሾጣጣ ጥፍር ይወጣል፣ ትጮኻለችም። አንዳንዴ ደግሞ ምንም ሕመም ሳይኖራት፣ አውራ በሌለበት መንጋ ውስጥ የበላይ የሆነችው ዶሮ ትጮኻለች። እንቁላል ካቆመች ማረዱ የባለቤቱ ውሳኔ ነው። የታመመ ሰው ያለበትን ጎረቤት በእሷ ማስፈራራት ግን ግፍ ነው፤ እባካችሁ ይቅር።

ሌሊት 10 ሰዓት

አውራ ዶሮ የሚጮኸው ብርሃን አይቶ ነው የሚለውን ጃፓን ያለው የናጎያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፈትነውታል። እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጥናት አውራ ዶሮዎችን ቀንና ሌሊት በማይለይ ደብዛዛ ብርሃን ውስጥ አኖሯቸው። ዶሮዎቹ ግን ንጋት በሚሆንበት ሰዓት ገደማ መጮኻቸውን ለቀናት ቀጠሉ። ሰዓቱ ውስጣቸው ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ቀድሞ የሚጮኸው የመንጋው የበላይ እንደሆነ፣ የበታቾቹም በየማዕረጋቸው እንደሚከተሉት አሳዩ። ከሰዓቱ ውጭ እኩለ ሌሊት ላይ የሚጮህ ዶሮም መጥፎ ገድ አይደለም፤ የመኪና መብራት ወይም የጎረቤት ዶሮ ቀስቅሶት ሊሆን ይችላል።

ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ከወልድያ ወጥቶ ወደ ቤታችን ስንመለስ፣ በሰፈራችን አንድም አውራ ዶሮ አልነበረም። ሌሊቱ አልነጋ ይለን ነበር። ጎረቤታችን ከገጠር አንድ ገብስማ አምጥተው ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ሲጮህ እናቴ ከመኝታዋ ተነሥታ አማተበች። ድምፅን ማዳመጥ ምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

ትንፋሽ ሲሆን

አሁን ወደ ተማሪዬ። «አንገቷን ዘርግታ አፏን ትከፍታለች፤ ሲር ሲር ይላል፤ ተኝታም አይለቃትም» አለችኝ። ድምፅ አልነበረም፤ ትንፋሽ ነበር።

አፍ መክፈት ሁሉ በሽታ አይደለም። መርሳ ላይ በቀትር ሙቀት ዶሮ ክንፏን ከፍታ ታለከልካለች፤ ጥላና ውሃ ይበቃታል። ዶሮዎች ከሰው ጋር በሚያድሩበት ቤት የማድቤት ጭስና የኩስ ሽታም ያስነጥሳቸዋል። ፊቷ አብጦ ከአፍንጫዋ የሚሸት ፈሳሽ የሚወጣ ከሆነ ሌላ የጉንፋን ዓይነት በሽታ ነው። በአየር ቧንቧ ውስጥ የሚኖር ቀይ ትልም እንዲሁ አፏን እያስከፈተ ያስጨንቃታል።

ከሁሉ የሚከፋው ፈንግል ነው። ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ፣ አረንጓዴ ቅዘን፣ የወደቀ ክንፍ፣ ከቆየም የተጠመዘዘ አንገት። የሚመጣው በቫይረስ ስለሆነ መድኃኒት የለውም። ከፋርማሲ የሚገዛው የቴትራሳይክሊን እንክብል ቫይረስ አይነካም፤ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚም አያድኑም። ያለው ክትባት ነው። ቢሾፍቱ ላይ ይመረታል፤ ሙቀት የሚችለው ዓይነት ዓይን ላይ ጠብ ይደረጋል፣ በየ3 ወይም በየ4 ወሩም ይደገማል። ግን የሚሠራው ለጤነኛ ዶሮ ነው፣ ቀድሞ። የቀበሌያችሁን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ዶሮ ሳይታመም ጠይቁ። መርሳ ላይ የግብርና ኮሌጅ፣ ሲሪንቃ ላይ የግብርና ምርምር ማዕከል ያለበት ወረዳ ልጆች ሆናችሁ ለመጠየቅ አትፈሩ።

ፈንግል ከገበያ ወደ ቤት የሚገባው በአዲስ ዶሮ ነው፤ በተለይ ለበዓል ግዢ ሲበዛና ክረምት ሲገባ። የገዛችሁትን ዶሮ 2 ሳምንት ለብቻ አቆዩ። የታመመችውን ደግሞ ለገበያ አታውጡ። ለአንዲት ዶሮ ዋጋ ተብሎ የስንት ድሃ ቤት ቆጥ ባዶ እንደቀረ እኔ አይቻለሁ።

ተማሪዬ ይህንን ለእናቷ ነገረች። ዶሮዋን ለብቻ እንቅብ ሥር አዋሏት፤ በሦስተኛው ቀን ሞተች። ሳይጥሏት በጥልቅ ጉድጓድ ቀበሯት። ከቀሩት ስድስት ሁለቱ ተከተሏት፣ አራቱ ተረፉ። ከአራቱ አንዷ ወሰራ በጥር ወር ታቀፈች። ልጅቷ ቀኑን ደብተሯ ላይ እየቆጠረች በ20ኛው ቀን ትምህርት ቤት አርፍዳ መጣች። ለምን እንዳረፈደች ስጠይቃት አንድ እጇን ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ «ሰማሁት» አለችኝ።