ምዕራፍ 6፦ እንግዳ ጥያቄ የሚጠይቅ ቀጣሪ ምን ፈልጎ ነው?

ላስ ቬጋስ የሚገኘው ዛፖስ ጫማና ልብስ በኢንተርኔት የሚሸጥ ኩባንያ ነው። ከሌላ ከተማ ለቃለ መጠይቅ የተጠራ ተወዳዳሪን ከአውሮፕላን ማረፊያ የሚቀበለው የኩባንያው መኪና ነበር። ተወዳዳሪው ቢሮውን ሲጎበኝና ሲጠየቅ ውሎ ይመለሳል። እሱ ከሄደ በኋላ የቅጥር ክፍሉ ሠራተኛ ሹፌሩ ዘንድ ሄዶ «እንዴት አነጋገረህ?» ይለዋል። ሹፌሩን የናቀ ወይም ያመናጨቀ ሰው፣ የትምህርት ማስረጃው የቱንም ያህል ቢያምር፣ ከአለቆቹ ጋር የነበረው ውይይትም ቢሰምርለት አይቀጠርም። ይህን አሠራር በአደባባይ የተናገሩት ኩባንያውን እስከ 2020 ድረስ ለ20 ዓመታት ገደማ የመሩት ቶኒ ሼይ ናቸው።

ብዙ ሥራ ፈላጊዎች ይህን ሲሰሙ የተጠመደ ወጥመድ ይመስላቸዋል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ዛፖስ ስሙን የገነባው በስልክ መስተንግዶ ነው። የተናደደ ደንበኛ ሲደውል በትዕግሥት የሚያዳምጥ ሰው ያስፈልገዋል። ያንን ትዕግሥት ደግሞ ማንም አየኝ ብሎ ሳይጠነቀቅ ለሹፌር የሚያሳይ ሰው፣ ለደንበኛም አይነፍግም።

የዚህ ምዕራፍ ቁም ነገር ይኸው ነው፦ ከእንግዳ ጥያቄ ጀርባ የዕለት ተዕለት የሥራ ልማድ አለ። ልማዱን አስቀድመው ካወቁ ጥያቄው አያስደነግጥዎትም፤ ከዚያም በላይ እዚያ መሥራት ይችሉ እንደሆነ ራስዎን መጠየቅ ይችላሉ።

«ከ1 እስከ 10 ምን ያህል ወጣ ያሉ ሰው ነዎት?»

የዛፖስ ተወዳዳሪዎች ሁለት ወንፊት ነበረባቸው። የሚቀጥራቸው ክፍል ኃላፊ ችሎታቸውን ይመዝናል፤ የሰው ኃይል ክፍሉ ደግሞ ለብቻው ከኩባንያው ባህል ጋር መግጠማቸውን ያያል። ከሁለቱ በአንዱ የወደቀ አይቀጠርም። ከላይ ያለው ጥያቄ የሚመጣው በሁለተኛው ወንፊት ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ትክክለኛውን ቁጥር ሲፈልግ ነው። ከኩባንያው 10 መርሆዎች አንዱ ሠራተኛው ደስታንና ትንሽ ወጣ ማለትን ወደ ሥራው እንዲያመጣ የሚጋብዝ ነው። ስለዚህ 1 ያለ ሰው ድርቅ ያለ፣ 10 ያለ ደግሞ ከልክ ያለፈ ሊመስል ይችላል። በመካከል ያለው ቁጥር ብዙም ለውጥ የለውም። ጠያቂው የሚያየው ጥያቄው ሲቀርብ ፊትዎ መፈታቱን፣ ቀጥሎም ስለራስዎ እውነተኛ ነገር መናገርዎን ነው። «ዝናብ ሲዘንብ ጃንጥላዬን አጥፌ ነው የምሄደው፤ የዝናብ ሽታ እወዳለሁ» የምትል ሴት፣ እውነቷን ከሆነ፣ «ሰባት» ብሎ ዝም ካለው ሰው የተሻለ መልሳለች።

ለሚለቅ ሰው የሚከፈል ገንዘብ

የተቀጠረውም ቢሆን ምዘናው አላለቀለትም። የሂሳብ ባለሙያ ይሁን ጠበቃ፣ አዲስ ገቢ ሁሉ ለሳምንታት ይሠለጥን ነበር፤ የተወሰነውን ጊዜም የደንበኛ ስልክ በማንሳት ያሳልፍ ነበር። በሥልጠናው መሀል «ይህ ሥራ ለእኔ አይደለም የሚል ካለ፣ የሠራበትን ቀን ደመወዝና ተጨማሪ ገንዘብ ሰጥተን እንሸኘዋለን» ይባል ነበር። ተጨማሪው 2,000 ዶላር የደረሰበት ጊዜ ነበር። ዛፖስን በ2009 የገዛው አማዞንም ልምዱን ለመጋዘን ሠራተኞቹ ወስዶታል። መሥራቹ ጄፍ ቤዞስ በ2014 ለባለአክሲዮኖች እንደገለጹት፣ ክፍያው በመጀመሪያው ዓመት 2,000 ዶላር ሆኖ በየዓመቱ 1,000 እየጨመረ እስከ 5,000 ይደርስ ነበር።

ይህ ገንዘብ ማባከን አይደለም። ልቡ የሌለበት ሠራተኛ ለዓመታት ሲቆይ ኩባንያውም እሱም ይከስራሉ። ለተወዳዳሪ ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ እንዲህ ያለ ቀጣሪ ዘንድ «ማንኛውንም ሥራ እሠራለሁ» የሚለው መልስ ያስጥላል። ለምን ሌላ ቦታ ሳይሆን እዚያ መሥራት እንደፈለጉ ይናገሩ።

«እርስዎ ራስዎ ምን አደረጉ?»

በሲያትልና በአካባቢዋ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ፤ የአማዞን ዋና መሥሪያ ቤትም እዚያው ነው። ስለዚህ ይህ ክፍል ለብዙ አንባቢዎች የቅርብ ጉዳይ ነው። አማዞን 16 የአመራር መርሆዎች አሉት፤ የቃለ መጠይቁ ጥያቄዎች ከእነዚህ ይቀዳሉ። «ከአለቃዎ ጋር ያልተስማሙበትን ጊዜ ይንገሩን» እየተባለ፣ ያለፈ ሥራ በዝርዝር ይጠየቃል። ከጠያቂዎቹ አንዱ «ባር ሬዘር» የሚባል፣ ከሌላ ክፍል የሚመጣ ሰው ነው። ክፍት ቦታው በቶሎ ይሙላልኝ የሚል ጥድፊያ ስለሌለበት፣ ሌሎቹ የወደዱትን ተወዳዳሪ እንኳ ማስቀረት ይችላል።

እዚህ ላይ አስተዳደጋችን ይፈትነናል። ራስን ማወደስ ነውር ነው ተብለን ስላደግን፣ ብቻችንን የሠራነውን ሁሉ «ሠራን» እንላለን። «የቆጠራ ችግር ነበር፤ ተረባርበን ፈታነው» የሚል መልስ ለጠያቂው ባዶ ነው። ያንኑ ታሪክ እንዲህ ይንገሩት፦

«የመጋዘኑ ቆጠራና የሂሳብ መዝገቡ አልገጥም ብሎ ነበር። የሦስት ወር ደረሰኝ አመሳክሬ ልዩነቱ የሚፈጠረው ዓርብ ማታ ርክክብ ላይ መሆኑን አገኘሁ። ርክክቡ ቅዳሜ ጠዋት በሁለት ሰው ፊርማ እንዲሆን ለአለቃዬ በጽሑፍ አቀረብኩ። ሁለት ባልደረቦቼ ተቃወሙ፤ ለአንድ ወር እንሞክረው ብዬ አስማማኋቸው። በወሩ መጨረሻ ቆጠራው ገጠመ።»

ይህ ጉራ አይደለም። የሌሎችን ድርሻ ሳይክዱ የራስን ሥራ በልኩ መናገር ነው።

ክርክር የሚወድ ቤት

ሬይ ዳሊዮ በ1975 የመሠረቱት ብሪጅወተር የተባለው የኢንቨስትመንት ኩባንያ ደግሞ ግልጽነትን እስከ ጥግ በመግፋት ይታወቃል። ስብሰባዎቹ ይቀረጹ ነበር፤ ጀማሪው የአለቃውን ድክመት ፊት ለፊት እንዲናገር ይጠበቅበት ነበር። በቅጥር ወቅትም ተወዳዳሪዎች በአንድ አከራካሪ ርዕስ ዙሪያ እንዲሟገቱ ይደረግ ነበር። ሐሳብዎን በማስረጃ መያዝዎ፣ የተሻለ ማስረጃ ሲቀርብም ሳይከፉ መቀየርዎ ይታያል። ይሉኝታ ይዞት አንገቱን የደፋ ሰው ልክ የሌላውን አፍ እንደሚዘጋው ሁሉ ነጥብ ያጣል።

ይህ ባህል ለሁሉም አይስማማም። በሰው ፊት መተቸት እንቅልፍ የሚነሳዎት ከሆነ ደመወዙ ብቻውን አይክስዎትም። ራስን ማወቅ ሽንፈት አይደለም።

እርስዎም ይመዝኑ

«ጥያቄ አለዎት?» ሲባሉ «የለኝም» ብለው አይነሱ። «እዚህ መጥቶ በቶሎ የሚለቅ ሰው ብዙ ጊዜ በምን ምክንያት ይለቃል?» ብለው ይጠይቁ። «በቅርቡ አንድ ጀማሪ አለቃውን ተቃውሞ ሐሳቡ የተወሰደለት መቼ ነው?» ይበሉ። ምሳሌ የሚያመጡ ጠያቂዎች ባህላቸውን ይኖሩታል፤ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን መፈክር የሚያነቡልዎት ግን ገና አልጀመሩትም። «ወጣ ያለ ባህል አለን» የሚለው አባባል የትርፍ ሰዓት ክፍያን ለመከልከል ወይም ሠራተኛን ለማዋረድ ሽፋን ሆኖ ካገኙትም አመስግነው ይሰናበቱ።

የምዕራፉ መልመጃ

1. የሚያመለክቱበትን ኩባንያ መርሆዎች ጽፈው፣ በእያንዳንዱ አንጻር ከሕይወትዎ አንድ እውነተኛ ታሪክ ያስቀምጡ።

2. ታሪኮቹን ለሚያምኑት ሰው ጮክ ብለው ይንገሩ። «አንተስ ምን አደረግህ?» ወይም «አንቺስ ምን አደረግሽ?» እያለ ያቋርጥዎት።

3. በዚያ ባህል ውስጥ አንድ ተራ ማክሰኞ ከጠዋት እስከ ማታ እንዴት እንደሚውሉ በግማሽ ገጽ ይጻፉ። ጽሑፉን አንብበው ሲጨርሱ መሄድ ከፈለጉ፣ ማመልከቻውን ያስገቡ።