ሦስተኛው ተጫዋች

ሁለት ሰዎች ሰንጠረዥ ሲጫወቱ ሠራዊታቸው ሁሉ በገበታው ላይ ተገልጦ ይታያል፤ የሚሰወረው የልብ አሳብ ብቻ ነው። ተጫዋቾቹ ሦስትና ከዚያም በላይ ሲሆኑ ግን ሌላ ስውር ነገር ይጨመራል፤ ይኸውም ውል ነው። በ1959 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በአሜሪካ በወጣው «ዲፕሎማሲ» በሚባለው ጨዋታ ሰባት ሰዎች ጥግ ለጥግ ይመካከራሉ፤ ከዚያም ትእዛዛቸውን በምስጢር ጽፈው ባንድ ጊዜ ይገልጡታል። ቃሉን ያጠፈው የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው።

ምሳሌ ለመፈለግ ከደብረ ማርቆስ መራቅ አያሻንም። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ በምኒልክ ድል ሆነው ተማረኩ። ኋላ ግን ባላንጣነቱ ቀርቶ ሁለቱ በዐፄ ዮሐንስ ላይ ተስማሙ። ነገሩ በተሰማ ጊዜ ምኒልክ ከዓባይ ማዶ ነበሩ፤ ቅርብ የነበረው ጎጃም በ1881 ዓ.ም. በዮሐንስ ጦር ተመዘበረ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን፦

፩ኛ/ ደካማው ሦስተኛ ወገን ወደ አንዱ ሲያዘነብል ሚዛኑን ይለውጣል፤ ስለዚህ ሁሉም ይፈልገዋል።

፪ኛ/ ምስጢሩ ሲወጣ በትሩ አስቀድሞ የሚያርፈው በእርሱ ላይ ነው። ስለዚህ ከመዋዋሉ በፊት «ውሉ ቢታወቅ ማን ይደርስልኛል?» ብሎ ይጠይቅ።

በጨዋታ የተሸነፈው ወታደር ወደ ሣጥኑ ይመለሳል። በጎጃም ግን ዕዳውን የከፈለው በውሉ ያልነበረበት ገበሬ ነው።