ማወዳደር፦ የሁለት ሞተር ብስክሌቶች ንጽጽር

ተማሪዎች! የሚከተለውን ዐረፍተ ነገር አስተውሉ፦ «ያማሃ ኤፍ ጄ አር 1300 ኀይለኛ ነው፤ ባጃጅ ቦክሰር 150 ግን ርካሽ ነው።» ይህ ማወዳደር አይባልም፤ አንዱ በጉልበቱ፣ ሌላው በዋጋው ተመዝኗልና። ብዙ ድርሰት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። «ከቦክሰሩ ይልቅ ያማሃው ኀይለኛ ነው» ብንል ግን ሁለቱም በአንድ ሚዛን ላይ ተቀመጡ።

በሞተራቸው እንመዝናቸው። ያማሃው አራት ሲሊንደሮችና 1298 ሴንቲ ሜትር ኩብ ይዘት ያለው ሲሆን፣ ከ140 የፈረስ ጉልበት በላይ ያወጣል። ቦክሰሩ ባንድ ሲሊንደር 12 ያህል ያወጣል። ወደ 2000 ሜትር ከፍታ ባላት በወላይታ ሶዶ አየሩ ስስ ስለ ሆነ የሁለቱም ጉልበት ይቀንሳል፤ ልዩነቱ ግን አይጠፋም። ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው አስፋልት ላይ ያማሃው ያለ ጥርጥር ይበልጣል።

አሁን መንገዱን ለውጡ። አንድ ገበሬ በክረምት ጎደሬ ጭኖ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ በጭቃው ወደ ሶዶ ገበያ ይሄዳል እንበል። ከ250 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝነው ያማሃ ቢወድቅበት ብቻውን ለማንሣት ይቸገራል፤ ቦክሰሩ ግን የዚያን ግማሽ ያህል ቢመዝን ነው። ሞተሮቹ እነዚያው ናቸው፤ የተለወጠው ሚዛኑ ነው።

መልመጃ፦ አህያንና ሞተር ብስክሌትን እህል ወደ ገበያ ለማድረስ በሚሰጡት አገልግሎት ብቻ አወዳድራችሁ አንድ አንቀጽ ጻፉ። «ከ . . . ይልቅ» የሚለውን አገባብ ሦስት ጊዜ ተጠቀሙበት።