የክብደት መቀነሻው መርፌ እንዴት ተፈተነ?

ስለ ክብደት መቀነሻ መርፌ በየስልካችን ማስታወቂያ አይጠፋም። በዚህ ትምህርት ሴማግሉታይድ የተባለው መድኃኒት በሰዎች ላይ ሲሞከር ምን እንደተገኘ እናያለን።

ስንበላ አንጀታችን ጂ.ኤል.ፒ-1 የሚባል ሆርሞን ይለቃል። ጨጓራ ቶሎ ባዶ እንዳይሆን ያደርጋል፤ ለአንጎልም የመጥገብን መልእክት ያደርሳል። ነገር ግን በሁለት ደቂቃ ገደማ ውስጥ መጠኑ በደም ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል። ሴማግሉታይድ የዚሁ ሆርሞን አምሳያ ነው። አልቡሚን ከተባለ የደም ፕሮቲን ጋር እንዲጣበቅ ስብ መሰል ጭራ ስለተቀጠለለት፣ በግማሽ ለመቀነስ አንድ ሳምንት ያህል ይፈጅበታል። (እኛ የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ይህችን ዲዛይን ሳናደንቅ አናልፍም።)

ስቴፕ 1 የተባለው ሙከራ ውጤት በ2021 እ.ኤ.አ. ታተመ። በ16 አገሮች የሚኖሩ፣ የስኳር ሕመም የሌለባቸው 1,961 ጎልማሶች ተሳትፈዋል። በዕጣ ከሦስት ሁለቱ እጅ መድኃኒቱን፣ የቀሩት ማስመሰያ መርፌ በየሳምንቱ ለ68 ሳምንት ወሰዱ። ማን የትኛውን እንደወሰደ ታካሚውም ሐኪሙም አያውቁም ነበር። ሁሉም የአመጋገብና የእንቅስቃሴ ምክር አግኝተዋል። መድኃኒቱን የወሰዱት በአማካይ 14.9 በመቶ፣ ማስመሰያውን የወሰዱት 2.4 በመቶ ክብደት ቀነሱ።

ሁለተኛዋ ቁጥር ላይ ቆም እንበል። እነዚህ ሰዎች ከአንድ ዓመት በላይ እየተመከሩ፣ መቶ ኪሎ ከሚመዝነው ላይ የቀነሰው ሁለት ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። ታዲያ ወፈር ያለ ወንድማችንን ባየን ቁጥር ሆድን ለሦስት ስለመክፈል የሚናገረውን ሐዲስ የምንጠቅስበት ለምንድን ነው? የረሃቡን ብርታት እኛ አልቀመስነውም። ሐዲሱን መጀመሪያ በራሳችን ማዕድ ላይ እንሥራበት።

ማስታወቂያዎቹ የማይነግሩን ደግሞ አለ። ከተሳታፊዎቹ 327ቱ መርፌው ከቆመ በኋላ አንድ ዓመት ያህል ክትትል ተደረገላቸው። መድኃኒቱን ይወስዱ የነበሩት ከቀነሱት ክብደት ሁለት ሦስተኛውን መልሰው ጨመሩ። ስለዚህ ለሠርግ ተብሎ ሦስት ወር ተወግቶ የሚተው ነገር አይደለም፤ እንደ ደም ግፊት ክኒን ረጅም ጊዜ የሚወሰድ ነው። ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስና ተቅማጥም በብዙዎች ላይ ታይቷል። የሙከራውን ወጪ የሸፈነው አምራቹ ኖቮ ኖርዲስክ መሆኑንም እንያዝ።

ሐላል ነው ወይ ለሚሉ፦ መድኃኒቱ ከአሳማ አይወጣም፤ መሠረቱ የሚመረተው በእርሾ ሕዋሳት ነው። ጾምን በተመለከተ፣ ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ በ1997 እ.ኤ.አ. ጅዳ ላይ ባደረገው ጉባኤ፣ ምግብነት የሌለው መርፌ ጾም እንደማያፈርስ ወስኗል። የሚያሳስበው ሌላ ነው፤ የሚያስመልሰውና የሚያስቀምጠው ሰው ውሃ ሳይጠጣ ከዋለ ሰውነቱ ይደርቃል። መጠኑ በ16 ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ስለሚጨመር፣ ሐኪም ያዘዘለት ሰው ይህ ጊዜ ከረመዳን ጋር እንዳይገጥምበት ቀደም ብሎ ከሐኪሙ ጋር ይነጋገር። ወላሁ አዕለም።