ቤተ ሰብን እንዴት እናጥና?

ቤተ ሰብ ምን እንደ ሆነ ሁላችንም የምናውቅ ይመስለናል። ነገር ግን «በዚህ ቤት ስንት ሰው አለ?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ እንደ ጠያቂው ይለያያል።

በ1976፥ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. በአገራችን በተደረጉት የሕዝብና ቤት ቈጠራዎች ቤተ ሰብ የተባሉት፥ ዘመድ ቢሆኑም ባይሆኑም፥ አብረው የሚኖሩና ምግባቸውን በጋራ አዘጋጅተው የሚበሉ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ከቤቱ የምታድረው ሠራተኛ ከቍጥሩ ትገባለች፤ ወደ ሌላ ከተማ ሄዶ የሚኖረው ልጅ ግን ይወጣል።

ሕግ ዐዋቂው ግን ማዕዱን ትቶ ጋብቻንና ልደትን ይመለከታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተ ሰቡ የበላይ አድርጎት ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ግን ባልና ሚስት ቤታቸውን በእኩልነት እንዲመሩ ደነገገ። በአማራ ክልልም ለባልና ለሚስት የሚሰጠው የመሬት ይዞታ ደብተር የሁለቱን ስምና ፎቶግራፍ የያዘ ነው።

የኢኮኖሚ ሊቅ ደግሞ ሥራንና ሀብትን ይመረምራል። «ኢኮኖሚ» የሚለው ቃል ራሱ የቤት አስተዳደር ከሚል የግሪክ ቃል የመጣ ነው። የገበሬ ቤት እህል የሚመረትበትም የሚበላበትም ስለ ሆነ እርሻና ጓዳ አይለያዩበትም። ሆኖም ውሃ መቅዳት፥ እንጨት መልቀም፥ ልጅ ማሳደግ ዋጋ ስለማይከፈልባቸው ብዙ ጊዜ ከገቢ ሒሳብ አይገቡም። በ2005 ዓ.ም. በአገራችን የተደረገው የጊዜ አጠቃቀም ጥናት እንዲህ ያለውን ሥራ በሰዓት ለካ፤ የሚበዛውም በሴቶች ላይ ወድቆ ተገኘ።

እንግዲህ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ከገጠር መጥቶ በከተማ ክፍል ተከራይቶ የሚማር ልጅ አለ እንበል። በሶውና ሽሮው ከእናቱ ጓዳ ይመጣለታል፤ የቤት ኪራዩም አባቱ ከሚሸጠው እህል ይከፈላል። ቈጣሪው እዚህ ሁለት ቤት ያያል። ሕግ ዐዋቂው አንድ ቤተ ሰብ ይላል። የኢኮኖሚ ሊቁ ደግሞ ከሁለት ቦታ የተዘረጋ አንድ ጎተራ ያገኛል። ሦስቱም ትክክል ናቸው፤ ነገር ግን አንዱን ብቻ የሰማ ሰው ይሳሳታል። ልጁን ገቢ የሌለው ብቸኛ ያደርገዋል፤ የወላጆቹንም ቤት ሸክም የቀለለለት አድርጎ ይገምተዋል።

ይህ ስሕተት በወረቀት ላይ ብቻ አይቀርም። እርዳታ ሲታደል፥ መሬት ሲመዘገብ፥ የዕድር አባል ሲጻፍ ሰው የሚታወቀው በቤቱ ነው። ቤቱ በስሕተት ከተቈጠረ በውስጡ ያለው ሰው ድርሻውን ያጣል። ከበሩ ላይ ቆሞ አባወራውን ብቻ የሚጠይቅ መርማሪም የእማወራይቱን ድካምና የልጆቹን ፍላጎት ሳይሰማ ይመለሳል።

ስለዚህ ቤተ ሰብን ማጥናት የአንድ ትምህርት ብቻ ሥራ አይደለም፤ ሒሳብም፥ ሕግም፥ ኢኮኖሚም፥ የባህል ጥናትም ሊተባበሩበት ይገባል። እኛም ተማሪዎች ስለ ሰፈራችን ጥናት በምናደርግበት ጊዜ አራት ጥያቄ እናንሣ፦ ማን አብሮ ይበላል? ማን ይሠራል? ንብረቱ የማን ነው? ከሩቅ ሆኖ ቤቱን የሚረዳ ወይም በቤቱ የሚረዳ ማን አለ? አራቱን የመለሰ ሰው ከጣራውና ከግድግዳው ዐልፎ ቤተ ሰቡን ያያል።