ሌሊት የሚደነዝዝ እጅ፦ ጥልፍና ስፌት ስለሚሠሩ እናቶች

ከደባርቅ ተነሥቶ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ቁልቁለት የወረደ መንገደኛ ዛሪማ ሲደርስ ደጋው ከኋላው ቀርቶ ቆላው ይቀበለዋል። አየሩ ቢለያይም የሴቶቹ የእጅ ሥራ በደጋውም በቆላውም አንድ ነው፤ ጥጥ ይፈተላል፣ ቀሚስ ይጠለፋል፣ ሰፌድና መሶብ ይሰፋል። በዓለ ንግሥ ሲቃረብ ደግሞ የመጋረጃው፣ የጥላውና የካህናቱ አልባሳት ሥራ ይታከልበታል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህን ሁሉ የሚሠራውን እጅ ነው።

ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በሌሊት ነው። እጅ ይደነዝዛል፣ ጣቶች ይጠዘጥዛሉ፤ እናቲቱ ከእንቅልፏ ነቅታ እጇን ስታራግፈው ይለቃታል። «ብርድ ነው» ተብሎም ይታለፋል። ምክንያቱ ግን ሌላ ሊሆን ይችላል። በእጅ አንጓ ላይ በአጥንቶችና በጠንካራ ማሰሪያ የተከበበ ጠባብ መተላለፊያ አለ፤ በዚያ ውስጥ ጣቶችን የሚያጥፉ 9 ጅማቶችና አንድ ነርቭ አብረው ያልፋሉ። አንጓን አጥፎ ቀጭን መርፌ ለረጅም ሰዓት ጨብጦ መሥራት፣ ወይም ወስፌን በአክርማና በስንደዶ መካከል በኃይል ደጋግሞ መውጋት የጅማቶቹን ሽፋን ሊያሳብጥ ይችላል፤ ያን ጊዜ ነርቩ ይጨመቃል። እርግዝና፣ የስኳር በሽታና የእንቅርት ዕጢ ሥራ መዳከምም ለዚህ ሕመም ያጋልጣሉ። በእርግዝና ጊዜ የጀመረው ብዙውን ጊዜ ከወሊድ በኋላ ይተዋል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ እ.ኤ.አ. በ1713 ስለ ሠራተኞች ሕመም ባሳተመው መጽሐፍ ሁለተኛ እትም ቀኑን ሙሉ የሚጽፉ ሰዎች እጅ እንዴት እንደሚዝል ገልጿል። ብራናውን በጉልበቱ ላይ አድርጎ በመቃ ብርዕ የሚጽፍ የእኛ ጸሐፊ ግን ይህን ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል።

ችላ የተባለ እንደሆነ በአውራ ጣት ሥር ያለው ሥጋ ይሟሽሻል፤ መርፌ ከጣት ይወድቃል፣ ቁልፍ መቆለፍም ያስቸግራል። የደነዘዘ ጣት የምጣዱን ትኩሳት ስለማይለይ ሳይታወቅ ይቃጠላል። በጊዜ ከተደረሰበት ግን መነሻው ቀላል ነው፦ ሌሊት ሌሊት አንጓው ቀጥ ብሎ እንዲያድር በጨርቅ የተጠቀለለ ስስ ጣውላ ከመዳፍ እስከ ክንድ አጋማሽ ደግፎ ማሰር። ጣቶች ነፃ ይሁኑ፣ ማሰሪያውም አይጥበቅ። ለውጡ እስኪታይ ከ4 እስከ 6 ሳምንት መታገሥ ያስፈልጋል። አንጓውን አጥብቆ መጠፈርና በጋለ ብረት መተኮስ ግን ጉዳቱን ያብሳሉ። ድንዛዜው ቀንም ሌሊትም የማይለቅ ወይም አውራ ጣት የደከመ ከሆነ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል፤ ከዚያም ወደ ሆስፒታል ይላካሉ፤ መርፌ ወይም ጨመቃውን የሚያላቅቅ አነስተኛ ቀዶ ሕክምና አለ።

አንድ ነገር እንለይ። ከላይ የገለጽነው ሕመም የሚሰማው በአውራ ጣት፣ በአመልካች ጣት፣ በመሐል ጣትና በቀለበት ጣት ግማሽ ነው፤ ትንሿን ጣት አይነካም። ትንሿ ጣት ከደነዘዘች፣ ወይም በገላ ላይ ፈዘዝ ያለ፣ ሲነኩት የማይሰማ ቆዳ ከታየ፣ የሥጋ ደዌ መሆን አለመሆኑ ቶሎ ይመርመር። መድኃኒቱ በነፃ ይሰጣል፤ በጊዜ የጀመረ ሰው የአካል ጉዳት ሳይደርስበት ይድናል። ሐሜትን ፈርቶ መደበቅ ነው እጅን የሚያሳጣው።

የሰበካ ጉባኤ ድርሻ በሥራው አመዳደብ ላይ ነው። ለጥምቀት የሚፈለገው ጥልፍ በታኅሣሥ መጨረሻ ለሁለት እናቶች ቢሰጥ በኩራዝ ብርሃን ሌሊቱን ይሠሩታል፤ በጥቅምት ለስድስት ቢከፈል በቀን ያልቃል። ሰንበትና በዓላት እጅን ያሳርፋሉ፤ የዋዜማው ጥድፊያ ግን ያን ዕረፍት መልሶ ይወስደዋል። የወስፌው እጀታ ጨርቅ ተጠቅልሎበት ወፈር ቢል ጭብጡ ይቀላል፤ በየግማሽ ሰዓቱም መርፌውን አኑሮ መዳፍን መዘርጋት ይበጃል።

ከሁሉ የሚከብደው ዝምታው ነው። የቤተ ክርስቲያን ሥራ በመሆኑ «እጄን አመመኝ» ማለት ለብዙ እናቶች በረከትን እንደ መግፋት ይሆንባቸዋል። ስለዚህ እነርሱ እስኪናገሩ አንጠብቅ፤ የንስሐ አባት ቤት ለቤት ሲዞር «ልጄ፣ ሌሊት እጅሽ ይደነዝዛል ወይ? ስንተኛዋ ጣት ናት?» ብሎ ይጠይቅ።